ፀጉር ያለው ጎማ

ለሴሚስተር ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሰንበቴን ትንሽ እንዳለፈ ጎማው ተበሳ። ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ረዳቱ ትርፍ ጎማውን አውርዶ ሲያየው እሱም ተንፍሷል። ሾፌሩ የተበሳውን ሰንበቴ ወስዶ ያስጠግነው ወይስ አዲስ ይግዛ ብሎ ሲያመነታ ተሳፋሪው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ጀመር። አንዲት ነጋዴ፣ ጠግነህ ቶሎ ውሰደን፣ ገበያ ሊበተንብኝ ነው አሉ። ሁለት ልጆች የያዘ ሰውዬ ደግሞ በተለጠፈ ጎማ ልጆቼን አላሳፍርም አለ። በመጨረሻ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ ተማሪዋ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«እናንተ ያላችሁት ይሁን» አልኩት።

ቃሉ የእኔ አልነበረም። የማን እንደሆነ ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሾፌሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ በባጃጅ አዲስ ጎማ ይዞ መጣ። ጎማው ገና መሬት አልነካም። ከጥርሶቹ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የላስቲክ ክሮች ቆመዋል። በፀሐዩ ሙቀት ሽታው ሲመጣብኝ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ሜዳው ራቅ አልኩ። ነጋዴዋ ሆዷን አመማት መሰለኝ ሲሉ ሰማኋቸው። ሆዴን አላመመኝም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የነበረው በልግ ነው የመጣብኝ።

ሰፈራችን ከጨፋ ሮቢት ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ ቅሬያችን አንድ መኪና ነበረው። ቅሬ ሌላ አገር ዕድር የሚሉት ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን። ከሰፈራችን ወጥተው ከሚሴ ላይ የከበሩ አንድ ነጋዴ ሐጅ አድርገው ሲመለሱ አሮጌ ፒክአፕ ስለ አላህ ሰጥተው ለቅሬው ወቅፍ አደረጉ፤ በሽተኛ ያድርስ፣ ሬሳ ያምጣ ብለው። አባቴ በውትድርና ዘመኑ መንዳት ስለተማረ ሾፌር ተደረገ። ደመወዝ የለውም። ቁልፉን አንገቱ ላይ በክር አስሮ ሲሄድ ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ረዥም ይመስለኝ ነበር።

በዚያ በልግ እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ታናሽ ወንድሜን የወለደችው ደሴ ድረስ ተወስዳ በቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ሠራተኛ በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ትነግራታለች፤ «ዘሀራ፣ አንቺ እቤት አትወልጂም። ምጡ ጀመረሽ እንዳለ መኪናው ላይ ነሽ።»

እኔ ይህን ስሰማ እናቴ የምትወልደው መኪናው ላይ መሰለኝ። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ የፒክአፑን ጀርባ በመጥረጊያ እጠርግ ነበር። ዶሮዎች እየወጡ ያቆሽሹታል። ሕፃኑ ያን ሁሉ የዶሮ ኩስ እንዳያገኘው ብዬ ጥግ ጥጉን በስንጥር እፍቅ ነበር። እናቴ ለምን እንደምጠርግ ስትጠይቀኝ አፍሬ መጥረጌን ቀጠልኩ። እሷም ሥራ ወዳድ ልጅ ወጣችልኝ ብላ ለጎረቤት አወራች።

የግራ የፊት ጎማ የተበሳው በግራር እሾህ ነው። ጨፋ ሮቢት ያለው ጎሚስታ ለጠፈው። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ ተነፈሰ፤ እንደገና ለጠፈው። በሦስተኛው ስለታም ድንጋይ ጎኑን ሰነጠቀውና በስንጥቁ ውስጥ ነጫጭ ክሮች ታዩ። አባቴ አውጥቶ በጣቱ ክሮቹን እየነካካ ብዙ ጊዜ አየው። ትርፍ ጎማው ዓምና ከኋላ ስለገባ የሚተካው አልነበረም። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ድንጋይ ከሥሩ ደረደረና ደጃችን ላይ እንዳለ ተወው። አንድ እግሩን አጥፎ የተኛ በሬ ይመስል ነበር።

ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው የሾፌሩ ሥልጣን አይደለም፤ የቅሬው ነው።

የቅሬው አባት ሸህ ሰይድ ነበሩ። ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የሚደርስ፣ ሕፃን ሲያዩ ከኪሳቸው ቴምር የሚያወጡ ሽማግሌ ናቸው። ቴምሩ ሁልጊዜ የኪስ ክር ይለጠፍበታል፤ እሱን እያራገፍን እንበላ ነበር። የቅሬው ሳጥን የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። በሕይወቴ ከእሳቸው የበለጠ ደግ ሰው አላየሁም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

የመጀመሪያው ጁምዓ ዕለት ወንዶቹ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ጎን ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እናቴ በጆግ ውኃ ሞልታ፣ «ለሽማግሌዎቹ አድርሺ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጆሮሽን ግን ይዘሽልኝ ነዪ» አለች።

ጎማውን መሐል አስቀምጠውታል። ሸህ ሰይድ እየዳሰሱት ይናገራሉ። ወቅፍ የሆነ ዕቃ የአላህ ነው አሉ፤ መጠገን እየተቻለ አውጥቶ መጣል አማና፣ አደራ መብላት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውም የከፈንና የቀብር ነው፤ ነገ በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት ሰው ቢጠራ በምን ፊታችን እንቆማለን? ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሰው ብቻ መለሰላቸው። አያ ይመር በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ከሸሁ ጋር መቀለድ የሚደፍረውም እሱ ብቻ ነው።

«ሸሃችን፣ ይኸ ጎማ ከእኔ ቁምጣ የበለጠ ተጥፏል። ቁምጣዬ ቢተረተር የማፍረው እኔ ነኝ። ይኸ ቢተረተር ግን በሽተኛው ነው ቦይ የሚገባው።»

ሰው ሳቀ። ሸሁም ሳቁ። ነገሩ ግን አልተቋጨም። በእኛ ቅሬ ድምፅ መቁጠር የለም። አንድ ሰው እንኳ ልቤ አልተቀበለውም ካለ ነገሩ በዱዓ አይዘጋም፤ በዱዓ ያልተዘጋ ነገር ደግሞ ውሳኔ አይባልም። ማንም ተሸንፎ ቤቱ እንዳይገባ ብለው አባቶች ያቆዩት ልማድ ነው፤ እስከዛሬም ክፉ ልማድ ነው ማለት አልቻልኩም። ከልማዱ ውጭ የነበረው ሞት ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ሸህ ሰይድ ማንንም ሳይጠይቁ ሳጥኑን ይከፍታሉ።

ያን ቀን ሲነሡ ሁሉም «ኢንሻአላህ፣ ለጁምዓ» ተባባሉ። እኔ ጆጉን ይዤ ሮጥኩ።

«እማዬ፣ አለቀ! ኢንሻአላህ አሉ!»

እናቴ የምትለቅመውን ምስር እንደያዘች ሳቀች። «አይ ልጄ፣ እሱንማ እኔም እዚሁ ቁጭ ብዬ እላለሁ» አለችኝ።

መኪናው ቆሞም ሥራ ነበረው። አባቴ ባትሪው እንዳይሞት ብሎ በየሁለት ቀኑ ከሰዓት በኋላ ሞተሩን ያስነሣል። እናቴ ወገቧን ስለሚያማት ጋቢና ገብታ ትቀመጣለች፤ ወንበሩ ደግፎ ይይዘኛል ትል ነበር። ሞተሩ ሲነሣ መስታወቱ፣ በሩ፣ የእናቴ ሆድ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን እኔ መሐላቸው ተቀምጬ እናቴ፣ «ሾፌር፣ ወደ ደሴ ነው?» አለችው።

«ሞልቷል፣ እመቤት።»

«እንዲህ ያለውን ሆድ ይዤ ልቁም?»

«ሆዱም ሒሳብ ይከፍላላ፣ ለብቻው ወንበር ይዟል» አላት። እሷ ትከሻውን መታችው። የጢሱና የነዳጁ ሽታ ጋቢናውን ሞልቶ፣ በመስታወቱ ደግሞ የጨፋ ሣር እስከ ቦርከና ወንዝ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። ሞተሩ እያጓራ፣ መኪናው ሳይነቃነቅ፣ ሦስታችን ወደፊት እያየን ተቀምጠናል። ዛሬ ያን በልግ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። የሄድን መስሎኝ ነበር።

አባቴ እናቴን ከሚሴ ወዳለችው እህቷ ቀድማ እንድትሄድ ጠይቋታል። እሷ ገና አንድ ወር አለኝ፣ ልጆቹን ማን ያያቸዋል አለችው። ደግሞስ መኪናው አለ አይደል አለች።

በሁለተኛው ጁምዓ በሬ ለበሬ የተዋጋባቸው ሁለት ጎረቤታሞች ነገር ቀኑን በላው፤ ጎማው ሳይነሣ ቀረ። በሦስተኛው ጁምዓ ግን ሸህ ሰይድ ገና ሲቀመጡ ነገሩን ጀመሩ። እኔ ውኃዬን ይዤ ከጀርባቸው ቆሜያለሁ። አያ ይመር ከቃሉ አልተመለሰም፤ እሳቸውም አልተመለሱም። በመጨረሻ ሸሁ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ሙሄ፣ ሾፌሩ አንተ ነህ። ጎማውን ከሁላችን በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ ያልከውን እኔም እቀበላለሁ። ምን ትላለህ?»

ሰው ሁሉ አባቴን አየ። እኔም አየሁት። አባቴ ከፊቱ ያለውን ሣር አንድ በአንድ ነቀለ።

«ጀመዓው ያለው ይሁን፣ ሸሃችን» አለ።

አያ ይመር አንገቱን ወደ ሌላ አዞረ። እኔ በጣም አፈርኩ። መምህራችን የብዜት ሠንጠረዥ ሲጠይቀን መልሱ የጠፋው ልጅ መሬት መሬት እያየ እንደሚቆመው መሰለኝ። አባቴ ስለ ጎማ የማያውቅ ሆኖ ታየኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ፣ አባ ሲጠይቁት አላወቀውም ብዬ ነገርኳት።

ማታ ራት ስንበላ እናቴ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀችው። አባቴ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ።

«ጎማው አያስኬድም። አውቃለሁ። ግን ሦስት ዓመት ነድቼ አንድ ነገር ያልጠየቅሁ ሰውዬ፣ ዛሬ ሚስቱ ለመውለድ ስትደርስ ጎማ ግዙ አለ ይበሉኝ?»

እናቴ ትመልስለታለች ብዬ ጠበቅሁ። ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«እውነትህን ነው» አለች። «ያስወራል።»

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ብትቆጣው፣ ብትለምነው፣ የምይዘው ነገር ይኖረኝ ነበር። እሷም እንደሱ ነበረች። ሁለቱም ባንድ ገበታ ላይ ሆነው ተስማምተው ዝም አሉ፤ በዱዓ ሳይዘጋ የተወሰነ ውሳኔ ያ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ምጡ መጣ። ያን ሰሞን የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ስለጀመረ የጨፋ ጥቁር አፈር እግር ይይዛል። ከጎረቤታችን ከእትዬ ሐዋ ጋር ደጅ ስንቆም ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው ደርሰዋል። ማንም አልጠራቸውም፤ ሁሉም በየፊናቸው ሰምተው ነው የመጡት። እንዲያ ያለ ሰፈር ነው። እስከ ጨፋ ሮቢት ተሸክመው ከዚያ በመኪና ከሚሴ ሐኪም ቤት ሊያደርሷት፣ እናቴን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቃሬዛው ላይ አስተኟት። በመኪናው አጠገብ ሲያልፉ እጇን ዘርግታ ጠራችኝ። እጇ ላብ በላብ ነበር።

«ዶሮዎቹን አታስወጪብኝ» አለችኝ። «ጠርገሽ ጠብቂኝ። ስመለስ በሱ ነው የምመጣ።»

ከፊት አባቴና አያ ይመር ያዙ፤ ከኋላ ተሸካሚዎቹ አንዱ ሸህ ሰይድ ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ትከሻቸውን ከቃሬዛው ሥር አስገብተው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እየዋጣቸው ሄዱ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ወጣቶች ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ የእናቴን ጫማ በእጃቸው ይዘው ከኋላ ሲከተሉ አየኋቸው፤ ሜዳው ላይ ትንሽ ነጭ ነገር እስኪሆኑ ድረስ።

ረቡዕ ጠዋት ውኃ ቀድቼ ስመለስ ሸህ ሰይድ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። መቼ እንደተመለሱ አላውቅም። የቅሬው ሳጥን ጭናቸው ላይ ክፍት ነው። ከፊታቸው በፈረስ የመጣ አንድ ሰው ቆሟል፤ ፈረሱ ያልበዋል። የተሰበሰበ ሰው የለም፤ ክርክር የለም። ሸሁ ከሳጥኑ ያወጡትን ሳይቆጥሩ በእፍኛቸው ሰጡት። እኔን ሲያዩ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ላኩና ባዶውን መለሱት።

ቀትር ላይ አንድ ጋሪ መጣ። ላዩ ላይ አባቴና አያ ይመር ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው አዲስ ጎማ።

ጮኼ ሮጥኩ። እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። የእኛ ጎማዎች ሁሉ የአፈር መልክ ነበራቸው። ይኸኛው ያበራል፤ ሽታው ከጋሪው ሳይወርድ ደጃችንን ሞላው። ደግሞ ፀጉር አለው። ጎማ ሲወለድ ፀጉር እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት። እንደ ሕፃን ነው ብዬ አንዱን ክር በጣቴ ሳብ ሳደርገው ተዘርግቶ ተመለሰ።

አባቴ ማንንም ሰላም ሳይል መሬት ላይ ተንበርክኮ ጎማውን መግጠም ጀመረ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፤ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው አጠበቃቸው። አያ ይመር ቀልድ አልነበረውም። እኔ የመኪናውን ጀርባ ጠርጌ እንደነበር ልንገረው ብዬ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

«አባ፣ እማዬን ልናመጣት ነው?»

እጁ ጎማው ላይ እንዳለ ቆመ። ፀጉሮቹ በጣቶቹ መሐል ወጥተው ይታያሉ።

«አዎ ልጄ» አለ። «እናመጣታለን።»

አያ ይመር ከቤታችን ሰሌን አውጥቶ የጠረግሁት ላይ አነጠፈ። ለወገቧ ነው ብዬ አሰብኩ። መኪናው ከድንጋዩ ላይ ወርዶ ሲንቀሳቀስ ዶሮዎቹ ተበታተኑ፤ እኔም እስከ ቦዩ ድረስ አብሬ ሮጥኩ። ስመለስ እትዬ ሐዋ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ጎማው ተገዛ፣ እማዬን ሊያመጧት ሄዱ አልኳቸው። እሳቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ነዪ ልጄ ግቢ» ብለው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ። ጓዳ ውስጥ ብዙ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ዳቦ ሰጠችኝ፤ እየበላሁ ስለ ጎማው ፀጉር ነገርኳቸው።

ከቀናት በኋላ፣ ሰደቃው ሲያልፍ፣ ሸህ ሰይድ ቤታችን መጥተው ከአባቴ ጋር ተቀመጡ። በሩ ላይ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ሙሄ፣ እኔ ጠይቄህ ነበር» አሉት። «በአላህ፣ ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀውኛል፣ ሸሃችን።»

«አንድ ቃል ነበር የቀረው።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። ሸሁ ሲወጡ የእናቴን ጫማ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው በሩ አጠገብ አስቀመጡት። ጭቃውን አጥበውት ነበር።

ያን ረቡዕ ግን መኪናው የተመለሰው ከዓስር ሶላት በፊት ነው። ድምፁን ሳውቀው ከሴቶቹ እጅ አምልጬ ወጣሁ። አባቴ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ያለ ወትሮው ወደ መኪናው ኋላ ሄደ። ሰሌኑ ላይ በነጭ የተጠቀለለ ነገር ነበረ፤ አጠገቡ ደግሞ ሌላ፣ በጣም ትንሽ። ልቅሶው ሲነሣ እኔ እናቴ ጋቢና ናት ብዬ ወደ ፊት ሄድኩ። ጋቢና ውስጥ አባቴ ብቻ ነበር። ሞተሩን አላጠፋውም፤ ወደፊት እያየ ተቀምጧል።

መግቢያ አጥቼ ከጎማው አጠገብ ቁጭ አልኩ። በጭቃ ተሸፍኗል። ከመኪናው ኋላ ሊሰማ የማይገባ ነገር ሁሉ እየተሰማ፣ እኔ ጭቃውን በጥፍሬ እየፋቅሁ ፀጉሮቹን ፈለግሁ። መሬት የሚነካው መሐሉ ላይ አልቀዋል። ጎንና ጎኑ ላይ ግን ሁሉም እንዳሉ ነበሩ፤ ስነካቸው ይታጠፉና ይመለሳሉ። ከሚሴ ደርሶ ለመመለስ የጎማ ፀጉር እንኳ አያልቅም ነበር።